የትርንጎ የልደት ወረቀት

ዘንድሮ ከመስከረም ወዲህ ሥራ የለኝም። ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ያለችውን የትርጉምና የጽሕፈት ቤቴን ዘግቼ ቁልፉን ለአከራዬ አስረክቤአለሁ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ "ምነው እትዬ የሺ፣ ገና ጉልበት አለዎት እኮ" ይለኛል። ጉልበቱስ አለ፤ ሥራው ነው መልኩን የለወጠ። ዛሬ ለማስተማር ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መምህር ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ ቅጹን በስልኩ ሞልቶ፣ በስልኩ ይልካል። በእኔ ጊዜ ግን ፋይሉን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ እያንቀጠቀጠው፣ ደጄ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ሥራዬ ምን እንደነበር ለማያውቅ ልንገር። ከዚህ ወጥቶ በሰው አገር እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ቪዛና የሥራ ፈቃድ እንዲያገኝ ወረቀቱን የማሰናዳለት እኔ ነበርሁ። የደቡብ ጎንደር መምህር ሐርጌሳ ወይ ጁባ፣ ኪጋሊ ወይ ሙስካት ክፍል ገብቶ ጠመኔ ከማንሣቱ በፊት፣ ዲግሪው፣ የሥራ ልምዱና የልደት ወረቀቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ከርመው ነው የሚሄዱት።

ሠላሳ አራት ዓመት ሠራሁ፤ ሃያውን በመንግሥት ቤት፣ የቀረውን በራሴ። የጀመርሁት ይፋግ ነው፤ ታይፒስት ሁኜ። የመጀመሪያው አለቃዬ አንድ ፊደል ከተሳሳትሁ ገጹን በሙሉ እንደገና የሚያስመታኝ ሰው ነበር። ያኔ ጨካኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ሐሙሲት ተዛወርሁ። እዚያ የነበሩት አለቃ ደግሞ ሳያነቡ የሚፈርሙ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሁለት ዓመት አብሬአቸው ሠርቼ የተማርሁት ነገር ቢኖር ደግነትና ጥንቃቄ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ደመወዜ የእርከን ጭማሪ ባገኘ ዓመት ደብረ ታቦር፣ የመምህራን ማኅደር ክፍል ተመደብሁ። ሰው ያደረገኝ ይህ ክፍል ነው።

የክፍሉ ኃላፊ መሪጌታ ላቀው ይባሉ ነበር። ቅኔና ባሕረ ሐሳብ ተምረው፣ በኋላ ዘመናዊ ትምህርትም ጨምረው ወደ መንግሥት ሥራ የገቡ፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋቢያቸውን ከኮታቸው በላይ የሚደርቡ ሰው ናቸው። ዳይሬክተሩ ሳይቀር "የኔታ" ነበር የሚላቸው። ማኅደር ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ወረቀት ሲሰጧቸው ከላይ ጀምረው አያነቡም፤ ከታች ነው የሚጀምሩት። መጀመሪያ ማኅተሙን፣ ቀጥሎ ፊርማውን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ መጨረሻ ላይ ስሙን።

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲዋሽ ከላይ አሳምሮ ይጽፋል። ታች ሲደርስ ይደክመዋል። ስለዚህ ታች ጠብቂው" ይሉኛል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የተጠናቀቀ ወረቀት ለባለቤቱ ሲሰጡ ዝም ብለው አያስረክቡም። "አንብብ" ይሉታል፤ ጮክ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ከርዕሱ እስከ ማኅተሙ። እሳቸው በዚያ ሰዓት ወረቀቱን አያዩም፤ የሚያዩት የሰውዬውን ፊት ነው። ፊቱ ላይ ጥቂት እንኳ ግራ መጋባት ካዩ ወረቀቱን መልሰው ይቀበሉታል። "እኛ ስንት መቶ ስም እናያለን፤ እሱ ግን የሚያየው አንድ ስም ነው" ይሉ ነበር።

ዘመን መለወጥን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ለመመለስ መጽሐፍ አይገልጡም፤ ጣታቸውን አጥፈው ይቆጥራሉ። "ከመስከረም አንድ እስከ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ሰባት ዓመት ጨምሪ። ከታኅሣሥ ሃያ ሦስት ጀምሮ እነሱ ዘመን ስለሚለውጡ ስምንት። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ደግሞ ይህ ለውጥ አንድ ቀን ይቀድማል።" ይህን ከመቶ ጊዜ በላይ አስደግመውኛል። ታኅሣሥ ላይ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር፤ ወሩ ለሁለት የሚሰነጠቅ ስለሆነ።

ወደ ውጭ ለማስተማር የመጀመሪያውን ወረቀት ያስጻፈን መምህር አስማረ የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ሐርጌሳ ያለ ትምህርት ቤት ጠርቶት፣ የሥራ ልምዱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ እንዲሰጠው ጠየቀ። በዚያን ጊዜ የነበሩት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ተቆጡ። "መምህር አሳድገን ለሰው አገር ልንሸኝ ነው? አይጻፍለትም!" አሉ። የኔታ ከወንበራቸው ተነሡና በዝግታ፣ "ጌታው፣ የሠራበትን ዘመን እኛ የሰጠነው አይደለም፤ የራሱ ነው። የራሱን ነው የምንጽፍለት" አሏቸው። ኃላፊው ብዕራቸውን አነሡና ፈረሙ። እንግሊዝኛውን የመታሁት እኔ ነበርሁ። አስማረ ሄደ፤ ለጓደኞቹም ደወለ። ከዚያ በኋላ በሩ አልተዘጋም። የኔታ ጡረታ ሲወጡ እኔም የተርጓሚነት ፈቃድ አውጥቼ የራሴን ቤት ከፈትሁ።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የፈረንጅ ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ካልሞላ አያልፍም። አንዱ ዲግሪው ላይ ፀጋዬ የሚለው ስሙ በእንግሊዝኛ በአንድ አጻጻፍ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ አጻጻፍ ይሆንበታል፤ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለቪዛ ሰጪው ግን ሁለት። አንዳንድ አገር ደግሞ እንግሊዝኛን ከእናቱ አፍ ያልሰማ ሰው አስተማሪ አይሆንም ይላል። አንድ የይፋግ መምህር በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው፣ ከዘጠነኛ ክፍል እስከ ዲግሪው የተማረው በእንግሊዝኛ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከተማረባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ አስወጣንና አያይዘን ላክን። አለፈ። በዚያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ልጅ የዳርሁ ያህል ነበር።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ነበር፤ የሥራ ፈቃድ ከቪዛ ይቅደም። ቀጣሪው በአገሩ ፈቃዱን ያስወጣል፤ ያ ወረቀት ሲመጣ ነው ቪዛ የሚጠየቀው። አንድ ደላላ የሁለት መምህራን ወረቀት ይዞ መጥቶ፣ "በጎብኚ ቪዛ ይግቡ፤ ፈቃዱ እዚያው ይደርስላቸዋል" አለኝ። አልተረጉምም ብዬ መለስሁት። አንደኛው መምህር ሰማኝና ቀረ። ሁለተኛው ሌላ ቤት አስተርጉሞ ሄደ፤ ከስድስት ወር በኋላ ከስቶ ተመለሰ። ምን እንደደረሰበት አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

እንዲህ እያልሁ ራሴን እንደ ጠንቃቃ ሰው በቆጠርሁበት ዘመን ነው ትርንጎ የመጣችው።

ትርንጎ በገሳይ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት መምህርት ነበረች። ሙስካት ያለ የግል ትምህርት ቤት በስልክ ፈትኗት ተቀብሏታል። የጥሪው ደብዳቤ የተላከላት ግን እኛ ጋ ኔትወርክ በጠፋባቸው ሳምንታት ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ ደብዳቤውን አየች፤ ወረቀቷን ሁሉ አዲስ አበባ አረጋግጣ ለመላክ የቀራት ጊዜ ከሳምንት ያነሰ ነበር። ከአባቷ ከቄስ መኳንንት ጋር በገበያ ቀን መጡ። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ሞልቶ እሷን ብቻ ይጠብቃል፤ ጥሩንባው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።

የልደት ወረቀቷ የድሮ፣ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ነው። ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ይላል። ተቀምጬ ተረጎምሁ። ቀኑን ጃንዋሪ አንድ ብዬ በትክክል አወጣሁ። ዓመቱ ላይ ግን እጄ ታኅሣሥ የሚለውን አይቶ፣ እንደ ለመደው ሰባት ጨመረ። አተምሁ፤ ፈረምሁ፤ ማኅተም መታሁ።

"ቁጭ በይ፣ አንብቢው" አልኋት።

"እትዬ፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው፤ መንገድ ላይ አነበዋለሁ" አለች።

አባቷም፣ "መንገዱ ዛሬ ተከፍቷል፤ ነገን የሚያውቅ የለም" አሉ። እውነት ነበር። ወረቀቱን በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት። በሥራ ዘመኔ ሳይነበብ ከእጄ የወጣ ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ የሚያረጋግጡት የተርጓሚውን ማኅተምና ፊርማ ነው፤ አረጋገጡላት። እሷም ለሙስካት ላከች። ተስፋዋ ሙሉ ስለነበር ከመንግሥት ሥራዋ መልቀቂያ ወሰደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቻዋን መጣች። ነጠላዋ በዝናብ ርሷል። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም። ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣

"እትዬ፣ እኔ የተወለድሁት መቼ ነው?" አለችኝ።

በስልኩ ላይ ያለው ደብዳቤ አጭር ነው። በፓስፖርቱና በልደት ወረቀቱ ላይ ያለው የትውልድ ዘመን ስለማይገጥም የሥራ ፈቃዱ አልተሰጠም ይላል። ቅጂውን ከመሳቢያ አውጥቼ ከታች ጀምሬ አነበብሁ። ማኅተሙ የእኔ። ፊርማው የእኔ። ወደ ላይ ስወጣ አገኘሁት። ልጅቱን አንድ ዓመት አስቀድሜ ወልጃታለሁ።

"ስህተቱ የእኔ ነው" አልኋት።

"ይስተካከላላ?"

"ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ።"

"እነሱስ ይጠብቁኛል?"

ዓይኔን ወደ ቅጂው መለስሁ።

"መልቀቂያ ወስጃለሁ፣ እትዬ። በእኔ ቦታም ሰው ተመድቧል።" አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ዕለት ለሙስካቱ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ጻፍሁ። ስህተቱ የተርጓሚዋ እንጂ የመምህርቷ እንዳልሆነ ገልጬ፣ የተስተካከለውን ትርጉም አያይዤ፣ በስሜና በማኅተሜ ላክሁ። መልሱ በጎ ነበር፤ አዝነዋል። ግን ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ስለቀረው፣ ፈቃዱም እንደገና ቢጠየቅ ስለማይደርስ፣ ሌላ ሰው ቀጥረዋል። ገሳይ ሄጄ ርእሰ መምህሩን ለመንሁ። ሰውዬው መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን ቦታው ተይዟል፤ ከሚቀጥለው ዓመት በፊት ምንም ማድረግ አይችልም።

ከትምህርት ቤቱ ወጥቼ ቀጥታ ወደ ደብረ ታቦር መመለስ አቃተኝ። ወደ ቄስ መኳንንት ቤት አቀናሁ። ከቅዳሴ ገብተው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ትርንጎ ውስጥ ነበረች፤ ድምፄን ሰምታ አልወጣችም። የሆነውን ሁሉ ሳልሸፍን ነገርኋቸው።

ይቅር በሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ስምሁ፤ አነሡኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ፣

"ልጄ፣ እኔም ስቀድስ ተሳስቼ አውቃለሁ" አሉ። "ያረመኝ አጠገቤ የቆመው ዲያቆን ነው። ሰው ብቻውን አይቀድስም። አንቺ ስትጽፊ አጠገብሽ ማን ነበር?"

"ማንም አልነበረም፣ አባታችን።"

"እንግዲያውስ እሷን አቁሚያት። ሥራ ፈትታ ከምትውልብኝ።"

ትርንጎ በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ብቅ አለች። "ለይሉኝታ ከሆነ አልመጣም" አለች። "ሥራ ካለ ግን እመጣለሁ።"

"ሥራ አለ" አልኋት። ውሸት አልነበረም።

ሰኞ መጣች። ከመስኮቱ ሥር ሁለተኛ ጠረጴዛ አደረግሁላት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፊደል የጎደለው የአያት ስም፣ ቀኑ የተገለበጠ የምረቃ ወረቀት፣ "ወንድ" የተባለች አንዲት ሴት አገኘች፤ ሦስቱም የእኔ ሥራ። ሳትናገር በእርሳስ ታሰምርበትና ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጠዋለች። ዓይኔ መድከሙን ያወቅሁት ከእርሳሷ ነው። ወረቀት ሊወስድ የመጣን ሰው ሁሉ አስቀምጣ ታስነብባለች። የቸኮለ ቢቆጣ፣ "ይቆጡ፣ ግን ያንብቡ" ትላለች።

ከእኔ ጋር ግን የሥራ እንጂ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ጠዋት "እንደምን አደሩ"፣ ማታ "ደኅና ይደሩ"፤ አንድ ቀን አክብሮት አላጓደለችም፤ አንድ ቀንም አብራኝ አልሳቀችም። ምሳ ስጋብዛት "በልቻለሁ" ትላለች። እኔም ከዚህ የበለጠ የመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት በሌሎች አገሮች ላሉ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ትጽፍ ነበር። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ማመልከቻዋን በፍላሽ ለባሕር ዳር ተሳፋሪ እየሰጠች ታስልካለች። ብዙዎቹ አልመለሱላትም። የመለሱትም "አዝናለን" ነበር የሚሉት። ያን ባነበበች ቁጥር ስልኳን ገልብጣ ታስቀምጠውና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔም ቀና ብዬ አላያትም።

ዓመቱ ሊዞር ሲል ኪጋሊ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ተጠራች። በዚህ ጊዜ ወረቀቷን የተረጎመችው እሷው ራሷ ናት። አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ "የእርስዎ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው" አለችኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ጣቴን አጥፌ ስምንቱን ቆጠርሁ። ማኅተሙን በሁለት እጄ ይዤ አሳረፍሁት። የሥራ ፈቃዱ በአርባ ቀኑ መጣ። ቪዛውም ተከተለው።

የሄደችበት ጠዋት መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋት። አባቷ መስቀላቸውን አሳልመዋት ሻንጣዋን ሊያስጭኑ ወደ ሚኒባሱ ኋላ ዞሩ። እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። "ወረቀቶችሽን ለይተሽ ያዝሽ? ፓስፖርትሽን ከሻንጣ አታስገቢ" እያልሁ እደጋግማለሁ።

"እትዬ" አለችኝ፤ "ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስጠብቅ ነበር።"

"ምን?"

"ደብዳቤ ጻፉልኝ። ገሳይ ድረስ ሄደው ለመኑልኝ። ሥራ ሰጡኝ። ስህተቱ የእኔ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው። ይቅር በይኝ ግን አላሉኝም።"

ቆሜ አሰብሁ። ያን ዝናብ የነበረበትን ቀን፣ ገሳይን፣ ያን ዓመት በሙሉ በልቤ ፈተሽሁ። አላልኋትም። ለሙስካቱ ሰዎች ይቅርታ ብዬ ጽፌአለሁ። ለአባቷ ይቅር በሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜአለሁ። ለእሷ ግን፣ በልጄ ዕድሜ ያለች ናት ብዬ ይሁን፣ በድካሜ ያልሁት መስሎኝ ይሁን፣ ቃሉ ከአፌ አልወጣም። እሷ ደግሞ ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጠብቃኛለች።

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ በወገቤ አደገደግሁ።

"ይቅር በይኝ፣ ትርንጎ" አልኋት። "በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። ጉልበቴን ልትስም ዝቅ ስትል ያዝኋትና ጉንጯን ሳምሁ። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ እኔም።

ሚኒባሱ ተነሣ። ወደ ወረታ የሚወስደውን መንገድ ሲይዝ እጇን በመስኮት አውጥታ አውለበለበች። ቄስ መኳንንት አጠገቤ ቆመው ነበር። መኪናው ከዓይናችን እስኪሰወር ሁለታችንም ከቆምንበት አልተንቀሳቀስንም።